ካሳው ተፈቀደ፣ ውዝፉ ተከለከለ፦ የአንድ ማሪን ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት

በኦክቶበር 2016 የአሜሪካ ባህር ኃይል ለአንድ የቀድሞ ማሪን፣ ማለትም በባህር ኃይሉ ሥር ላለው ተዋጊ ጦር የቀድሞ አባል፣ መልስ ሰጠው። ግማሹ ደስ ያሰኛል፣ ግማሹ ያበሳጫል። ጉዳትህ ከውጊያ የመጣ ነው፣ ልዩ ካሳው ይገባሃል ተባለ። የሚከፈልህ ግን ከጁላይ 2010 ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው በይርጋ ቀርቷል።

ሰውየው ሶቶ ይባላል። የተገኘውን ተቀብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም አላለም። ክርክሩ ከቴክሳስ ተነስቶ ዋሽንግተን ደረሰ። ጁን 12 ቀን 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ፈረዱለት። መዝገቡ “ሶቶ እና ዩናይትድ ስቴትስ” ይባላል። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን መዝገብ በአማርኛ መጻፍ የፈለግኩት በምክንያት ነው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉ የእኛ ልጆች አሉ። ኢራቅና አፍጋኒስታን ዘምተው የተመለሱ አሉ። የቪኤን ካሳ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚከፍለውን፣ ሁሉም ቤተሰብ ያውቀዋል። ከዚያ ውጭ በየጦር ክፍሉ የሚጠየቅ ሌላ ካሳ እንዳለ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ያላወቀ ሰው ደግሞ አይጠይቅም። ያልጠየቀ አይከፈለውም። የሶቶም ክርክር የተነሳው እዚሁ ላይ ነው።

ሰውየው

ሶቶ ከ2000 እስከ 2006 በማሪን ጦር አገልግሏል። ኢራቅ ዘምቷል። እዚያ የተመደበበት ሥራ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን መፈለግ፣ ማንሳትና ለመሸኘት ማዘጋጀት ነበር።

የዚህን ክፍል ሥራ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ፍንዳታ በደረሰበት ቦታ ሄዶ የተገኘውን ሁሉ መሰብሰብ አለ። ማን የማን እንደሆነ መለየት አለ። የሟቹን ኪስ መፈተሽ አለ፤ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ሰዓት፣ ቀለበት። እያንዳንዱ ይመዘገባል፣ ለቤተሰብ ይላካል። ይህን የሚያደርጉት አብዛኞቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ናቸው። የሚያነሱት ሰው የራሳቸው ጦር ባልደረባ ሊሆን ይችላል።

ሶቶ ከዚህ ሥራ ፒቲኤስዲ ይዞት ወጣ። ፒቲኤስዲ ከከባድ ድንጋጤና ሰቆቃ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጉዳት ነው። በ2006 በጤና ምክንያት ጡረታ ወጣ። ቪኤ በኋላ ጉዳቱን 100 በመቶ ብሎ መደበው። ጥይት አልመታውም። እግሩም እጁም አለ። በወረቀት ላይ ግን ከዚህ በላይ የሚሰጥ ደረጃ የለም።

ጡረታና ካሳ ለምን አብረው አይሄዱም?

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ይህን ሳይረዱ ግን ክርክሩን መረዳት አይቻልም።

አንድ የተጎዳ ጡረተኛ ከሁለት ቦታ ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል። አንደኛው ላገለገለበት ወይም በጤና ጉዳት ስለተሰናበተ ከመከላከያ የሚከፈለው ጡረታ ነው። ሁለተኛው ከቪኤ የሚመጣው የአካል ጉዳት ካሳ ነው። የሚያስቸግረው የአሜሪካ ሕግ ከ1891 ጀምሮ ሁለቱን ሙሉ በሙሉ አብሮ መቀበልን መከልከሉ ነው። ከቪኤ አንድ ዶላር የተቀበለ ሰው ከጡረታው አንድ ዶላር ይቀነስበታል። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መውሰድ ማለት ነው። ሰዎች ግን የቪኤውን ይመርጣሉ፤ እሱ ግብር አይቆረጥበትም።

ይህ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያስለቅስ ኖረ። ሃያ ዓመት ያገለገለ ጡረተኛ ጡረታዬን በላቤ አግኝቼዋለሁ ይላል። ካሳው ደግሞ ለፈሰሰው ደሜ ነው ይላል። ሁለቱ የተለያዩ ዕዳዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሊያጣፋ አይገባም። እኔም ይህን ክርክር ትክክል ነው እላለሁ።

ኮንግረስ በ2002 መጨረሻ በከፊል ሰማ። የወጣው ሕግ በውጊያ ምክንያት ለተጎዱ ጡረተኞች ልዩ ካሳ እንዲከፈል አዘዘ። ስሙ ሲበዛ ረጅም ስለሆነ በአጭሩ ሲአርኤስሲ ይባላል። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ከጡረታው የተቀነሰበትን ያህል፣ ከውጊያ ጉዳቱ ጋር የሚያያዘው ክፍል ተሰልቶ ይመለስለታል። ግብር የለበትም። በሕጉ ዓይን ጡረታም አይደለም፤ ራሱን የቻለ ክፍያ ነው።

መጀመሪያ ላይ የተፈቀደው ሃያ ዓመት ለሞላቸው ነበር። ሶቶን የመሰሉ፣ ተጎድተው ሳይሞላላቸው የተሰናበቱት ውጭ ቀሩ። ስታስቡት ይገርማል። ወጣት ሆኖ ሄዶ በአምስተኛው ዓመት የተሰባበረ ሰው፣ ሃያ ዓመት እንዳይሞላ ያደረገው ያው ጉዳቱ ነው። ይህ የተስተካከለው በኋላ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ በሕክምና ጡረታ የወጡትም እንዲጠይቁ ተፈቀደ።

ነገር ግን ለእነሱ ጣሪያ አለ። የሚከፈላቸው ባገለገሉበት ዓመት ብቻ ቢሰላ ኖሮ ከሚያገኙት ጡረታ አይበልጥም። ስሌቱ ለአንድ የአገልግሎት ዓመት የደመወዝ 2.5 በመቶ ነው።

ቁጥር ላስገባበት። የሚከተለው የእኔ ምሳሌ ነው፣ የሶቶ ሒሳብ አይደለም። ደመወዙ 2,000 ዶላር የነበረ፣ ስድስት ዓመት ያገለገለ ወታደር እንውሰድ። ጦሩ ጉዳቱን 50 በመቶ ብሎ ቢያሰናብተው ጡረታው 1,000 ዶላር ይሆናል። ቪኤ ከ1,000 በላይ ከከፈለው ያ ጡረታ በሙሉ ይጠፋል። ዜሮ። ልዩ ካሳው ሲፈቀድለት ስድስቱ ዓመት በ2.5 ተባዝቶ 15 በመቶ ይመጣል። በወር 300 ዶላር ነው። ከ1,000 ውስጥ 300 ተመለሰለት ማለት ነው።

ሦስት መቶ ዶላር ለአንዳንዱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሥራ መሥራት ለማይችል ሰው የመብራትና የስልክ፣ የመኪና ኢንሹራንስም ነው። በየወሩ ዕድሜ ልክ ሲመጣ ደግሞ ቀላል አይደለም።

የጠፉት ሠላሳ ወራት

ሶቶ ያመለከተው በጁን 2016 ነው። ለእሱ ዓይነት ጡረተኛ ሕጉ የተከፈተው በጃንዋሪ 2008 ነው። ባህር ኃይሉ የከፈለው ከጁላይ 2010 ነው። በመካከሉ ያለውን ቁጠሩት፤ ሠላሳ ወር ይመጣል። በእኔ ምሳሌ ስሌት 9,000 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጥራ። ዘግይተሃልና ካሳው አይገባህም ያለው የለም። ወደፊት የሚመጣው ይከፈላል። ስድስት ዓመት ወደኋላ ተቆጥሮም ይከፈላል። የተከለከለው ከስድስት ዓመት በላይ ያረጀው ውዝፍ ነው።

ይህ ስድስት ዓመት ከየት መጣ? በካሳው ሕግ ውስጥ የለም። ሕጉን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ካላመለከተ ውዝፉ ይቀራል የሚል አታገኙም። የመጣው ከሌላ ሕግ ነው። እሱ የወጣው በ1940 ሲሆን ባሪንግ አክት ይባላል። መንግሥት ላይ የሚቀርቡ ልዩ ልዩ የገንዘብ ጥያቄዎችን ማን እንደሚያይና በስንት ጊዜ ውስጥ መቅረብ እንዳለባቸው የሚደነግግ ጠቅላላ ሕግ ነው። የጊዜ ገደቡ ስድስት ዓመት ነው። ሕጉ ሲጀምር ግን “ሌላ ሕግ ካልደነገገ በስተቀር” የሚል ሐረግ አለው። ስምንት ዓመት የፈጀው ክርክር በዚህች ሐረግ ላይ ነው። የካሳው ሕግ ያ “ሌላ ሕግ” ነው ወይስ አይደለም?

ክሱ

ሶቶ በ2017 ደቡብ ቴክሳስ በሚገኘው የፌደራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ብቻውን አልነበረም። ናሽናል ቬተራንስ ሊጋል ሰርቪስስ ፕሮግራም የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅትና ሲድሊ ኦስቲን የተባለ ትልቅ የሕግ ቢሮ ከጎኑ ቆሙ። ክሱ የቡድን ክስ ሆነ። በዚሁ የስድስት ዓመት ቁጥር ውዝፋቸው የተቆረጠባቸው ጡረተኞች ሁሉ በአንድ መዝገብ ውስጥ ገቡ። ጠበቆቹ እንደገለጹት ከ9,000 በላይ ናቸው።

የቡድኑ አባላት እያንዳንዳቸው የሚጠይቁት ከ10,000 ዶላር የማይበልጥ መሆን ነበረበት። ከመንግሥት ገንዘብ የሚጠየቅበት ክስ በአካባቢ ፌደራል ፍርድ ቤት የሚታየው እስከዚያ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ዋሽንግተን ወደሚገኘው የፌደራል የገንዘብ ጥያቄዎች ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህ የሕግ ሥነ ሥርዓት ጉዳይ ቢመስልም እኔ ሌላ ነገር አየሁበት። አንድ ሰው ለብቻው በ9,000 ዶላር ምክንያት ጠበቃ ቀጥሮ ስምንት ዓመት አይከራከርም። የጠበቃው ብቻ ከዚያ ይበልጣል። ዘጠኝ ሺህ ሰው አንድ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። የቡድን ክስ ባይኖር ይህ ጉዳይ ፋይል ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ቴክሳስ ላይ ሶቶ አሸነፈ። መንግሥት ይግባኝ አለ። በፌብሩዋሪ 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ውሳኔውን ገለበጠ። አንዱ ዳኛ የልዩነት ሐሳብ ጻፉ።

የመንግሥት ጠበቆች ክርክር ዝም ብሎ የሚናቅ አልነበረም። እንዲህ አሉ። ኮንግረስ ጥያቄን መርምሮ የመዝጋት፣ ማለትም ትክክል መሆኑንና ገንዘቡን የመወሰን፣ ሥልጣን ለአንድ መሥሪያ ቤት መስጠት ሲፈልግ በግልጽ ይጽፈዋል። በብዙ ሕጎች ጽፎታል። በዚህኛው አልጻፈም። የራሱን የጊዜ ገደብም አላስቀመጠም። እንግዲህ ጠቅላላው ሕግ ይሠራል። ከጀርባው ያለው ስጋትም ይገባኛል። የጊዜ ገደብ ከሌለ የአርባ ዓመት ጥያቄ ሊመጣ ነው። ሰነዱ ጠፍቷል፣ ምስክሩ ሞቷል። የመንግሥት ካዝና መቼም ሒሳቡን መዝጋት አይችልም። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አብዛኛዎቹ ዳኞች የተቀበሉት ይህንኑ ነው። የካሳው ሕግ ማን እንደሚገባው ይናገራል፤ ጥያቄውን የመዝጋት ሥልጣን ግን ለይቶ አልሰጠም አሉ።

ሶቶና ጠበቆቹ ወደ ላይ ሄዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሚቀርቡለት አቤቱታዎች የሚቀበለው በጣም ጥቂቱን ነው። ይህንን በጃንዋሪ 2025 ተቀበለ። በኤፕሪል መጨረሻ የቃል ክርክር ተሰማ። በጁን ፍርድ ወጣ።

ፍርዱ

የጻፉት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ናቸው። የተለየ አሳብ የጻፈ ዳኛ አልነበረም።

ፍርዱን ያነበበ ሰው የሚጠብቀውን ላያገኝ ይችላል። ስለ ጀግንነትና ስለ ውለታ የሚያወራ ጽሑፍ አይደለም። ደረቅ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ የካሳው ሕግ ለጦር ክፍሎቹ ኃላፊዎች ምን ሥልጣን ሰጠ?

መልሱ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። መንግሥት ላይ የቀረበን ጥያቄ መዝጋት ማለት ጥያቄው ትክክል መሆን አለመሆኑን በአስተዳደር መወሰን፣ ገንዘቡንም መተመን ነው። የካሳው ሕግ ምን ይላል? ጡረተኛው ለጦር ክፍሉ ኃላፊ ያመልክት ይላል። ኃላፊው ጉዳቱ ከውጊያ መሆኑን ይወስናል። ወርሃዊው መጠን እንዴት እንደሚሰላ በሕጉ ተዘርዝሯል። ከዚያ “ይከፈለዋል” ይላል። ማመልከቻ መቀበል አለ፣ መመርመር አለ፣ መተመን አለ፣ መክፈል አለ። ሌላ ምን ቀረ? ሥልጣኑ በሙሉ እዚያው ተሰጥቷል። የተወሰነ ቃል ስላልተጻፈ ሥልጣኑ የለም ማለት አይቻልም። ሕጉ የራሱን የጊዜ ገደብ ማስቀመጥም አይጠበቅበትም። ስለዚህ የካሳው ሕግ “ሌላ ሕግ” ነው። የ1940ው ሕግ ከነስድስት ዓመቱ ቦታ የለውም።

ፍርድ ቤቱ በሩን ለሁሉም አልከፈተም። ገንዘብ ይገባዋል ብለው መብት ብቻ የሚፈጥሩ፣ ማን እንደሚወስን የማይናገሩ ሕጎች አሉ። በእነሱ ላይ ጠቅላላው ሕግ ከነይርጋው ይሠራል። የተለየው ይህ የካሳ ሕግ ነው።

ደረቅነቱን ብዙ ሰው አልወደደው ይሆናል። እኔ ግን ጥንካሬው እዚያ ነው ባይ ነኝ። ለወታደር በማዘን የተሰጠ ፍርድ ቢሆን ነገ ሌላ ዳኛ ባላዘነ ጊዜ ይገለበጣል። ይህኛው የቆመው በሕጉ ቃል ላይ ነው። በፖለቲካ አመለካከታቸው የማይገናኙ ዳኞች አንድ ላይ የፈረሙትም ለዚህ ይመስለኛል።

ቢሆንም ፍርዱ ያላነሳውን እኔ ላንሳው። በሽታው ራሱ ሰውን ያዘገያል። ፒቲኤስዲ ያለበት ሰው ፖስታ አይከፍትም። ስለ ጦርነቱ የሚጠይቅ ፎርም ሲያይ ገፍቶ ያስቀምጠዋል። የሆነውን ሁሉ በዝርዝር ጻፍ ስትለው ዳግም እዚያ ቦታ መልሰህ አቆምከው። ይህን የምለው ስለ ሶቶ አይደለም፤ እሱ ለምን በ2016 እንዳመለከተ የሚያውቀው ራሱ ነው። በዚህ ሕመም ውስጥ ያለፉ ቤተሰቦች ግን የምለው ይገባቸዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ቀንህ አልፏል ማለት ለጉዳቱ ሁለተኛ ጊዜ ማስከፈል ነው።

“ከውጊያ የመጣ” ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልግባበት። ሶቶ ይህን ፈተና አልፏል። ሌሎች ግን ገና በሩ ላይ ይመለሳሉ።

ቪኤ ጉዳትህ ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው ቢልም ለዚህ ካሳ አይበቃም። ቪኤ የሚያየው ጉዳቱ ወታደር ሳለህ መጣ ወይ የሚለውን ነው። የጦር ክፍልህ የሚያየው ግን በምን ምክንያት መጣ የሚለውን ነው። የቆሰሉ ወታደሮች የሚሸለሙትን ፐርፕል ኸርት ያስገኘ ቁስል ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ካልሆነ ከአራት መንገዶች በአንዱ መግባት አለበት። በቀጥታ ውጊያ ላይ የደረሰ ይሁን። ወይም እንደ ፓራሹት ዝላይና ፈንጂ ማክሸፍ ባለ አደገኛ ሥራ ላይ። ወይም ውጊያን በሚመስል ልምምድ ላይ። ወይም ደግሞ በጦር መሣሪያና በጦር ተሽከርካሪ ምክንያት የደረሰ ይሁን።

ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት የጉልበት ጉዳት አለባቸው እንበል። ቪኤ ለሦስቱም እኩል ደረጃ ሰጥቷል። አንዱ ካምፕ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ወድቆ ነው። ሁለተኛው ከአውሮፕላን በፓራሹት ዘሎ ሲያርፍ ነው። ሦስተኛው ከታንክ ላይ ሲወርድ ተንሸራቶ ነው። የመጀመሪያው ይህን ካሳ አያገኝም። ሁለተኛው በአደገኛ ሥራ ይገባል። ሦስተኛው አከራካሪ ነው፤ ጉዳቱን ያመጣው ተሽከርካሪው ራሱ መሆኑን ማሳየት አለበት። ጦርነት ያለበት አገር ውስጥ መገኘት ብቻውን አይበቃም። ባግዳድ ውስጥ ደረጃ ላይ ተንሸራቶ የወደቀ፣ ባግዳድ ስለሆነ ብቻ ከውጊያ ነው አይባልለትም።

ስለዚህ ማስረጃው ምክንያቱን ማሳየት አለበት። ጉልበቴን ያመኛል የሚል የሐኪም ወረቀት አይጠቅምም። በዚህ ቀን፣ በዚህ ዝላይ፣ እንዲህ ሆኖ ተጎዳ የሚል በዚያው ጊዜ የተጻፈ መዝገብ ነው የሚፈለገው። የሕክምና ካርድ፣ የአደጋ ሪፖርት፣ የዘመቻ ትዕዛዝ፣ የሽልማት ወረቀት። ለፒቲኤስዲ ደግሞ አስጨናቂው ክስተት ምን እንደነበር የሚያሳይ ነገር። እንደ ሶቶ ያለ ሰው የሥራ ምድቡ ራሱ ይናገርለታል።

ማመልከቻው ዲዲ ፎርም 2860 ይባላል። የሚላከው ለቪኤ አይደለም፤ ላገለገሉበት ጦር ክፍል ነው። የማሪን ጡረተኛ ለባህር ኃይል፣ የምድር ጦሩ ለምድር ጦር። ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እዚህ ነው። ሰው የቪኤ ደብዳቤውን ይዞ ሁሉ ነገር አልቋል ብሎ ይቀመጣል። ቪኤ ለጦር ክፍሉ ነግሮ ካሳውን አያስጀምርለትም። ከቪኤ ውሳኔ ጋር የሚመጣውን የእያንዳንዱን ጉዳት ኮድና ፐርሰንት የያዘ ገጽ አያይዞ፣ የስንብት ወረቀቱን አያይዞ፣ ራሱ መላክ አለበት።

ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ሌላ ምርጫም አለው። በ2004 የተጀመረ ሌላ ሕግ አለ። በእሱ መሠረት 50 በመቶና ከዚያ በላይ የተመደበ ጡረተኛ ጡረታውና የቪኤ ካሳው አብረው ይከፈሉታል፤ ጉዳቱ ከውጊያ ባይሆንም። ጡረታው ግን ግብር አለበት። ይህንንና ልዩ ካሳውን ግን በአንድ ጊዜ መውሰድ አይቻልም። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ መምረጥ ይቻላል። ለአንዱ ግብር የሌለበት ልዩ ካሳ ያዋጣዋል፣ ለሌላው ሁለተኛው። ቁጭ ብሎ በወረቀት ማስላት ነው።

ያልተፈታው

ሶቶ ያሸነፈው ወራቱን ነው። ጣሪያው ግን እንዳለ ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላው በውጊያ ተጎድቶ የተሰናበተ ወታደር አሁንም የሚመለስለት በአገልግሎት ዓመቱ ልክ ብቻ ነው። በእኔ ምሳሌ ከ1,000 ውስጥ 700 ዶላር በየወሩ ይቀራል። ይህን ለማንሳት ሜጀር ሪቻርድ ስታር አክት የተባለ ረቂቅ በተደጋጋሚ ለኮንግረስ ቀርቧል። ስሙ የተወሰደው በካንሰር ታሞ በ2021 ካረፈ የምድር ጦር ተጠባባቂ መኮንን ነው። በሁለቱም ፓርቲዎች ብዙ ደጋፊ አለው። የሚያንቀው ወጪው ነው።

እዚህ ላይ ንዴቴን አልደብቅም። አገር ወታደር ወደ ጦርነት ስትልክ ወጪው ስንት ነው ብላ አታቆምም። ሲመለስ ነው ሒሳብ የሚጀመረው።

ቀደም ብለው አመልክተው ተከልክለው የነበሩትስ? ማመልከቻቸው ከውጊያ አይደለም ተብሎ ውድቅ የሆነባቸው በሶቶ ፍርድ በቀጥታ አይነኩም፤ የእነሱ ችግር ማስረጃ ነው። አዲስ ማስረጃ ካላቸው የጦር ክፍላቸው ደግሞ እንዲያየው መጠየቅ ይችላሉ። እዚያም ካልሆነ የወታደራዊ መዛግብት እርማት ቦርድ አለ። ካሳው ተፈቅዶላቸው ውዝፉ በስድስት ዓመት የተቆረጠባቸው ግን የሶቶ ጉዳይ የእነሱም ጉዳይ ነው። የመጀመሪያውን የፈቃድ ደብዳቤ ያውጡት። ክፍያው የሚጀምርበትን ወር ይዩ። ካመለከቱበት ወር ስድስት ዓመት ወደኋላ ቢቆጥሩ እዚያው ወር ላይ ወይም በቀጣዩ ላይ ከወደቀ፣ የቀድሞ ወታደሮችን የሚረዳ የሕግ ባለሙያ ጋር ደብዳቤውን ይዘው ይሂዱ።